ቤተሰቡን የሚያሠለጥን የውሻ አሠልጣኝ፦ በአዲስ አበባ የቤት ለቤት አገልግሎት ላይ የቀረበ ግምገማ

በአዲስ አበባ ውሻውን ለማሠልጠን ገንዘብ መክፈል የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርብለት አገልግሎት አንድ ዓይነት ነው። አሠልጣኙ ውሻውን ይወስዳል፤ ለአንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ በራሱ ግቢ ያቆየዋል፤ «ተቀመጥ»፣ «ተኛ»፣ «ና» የሚሉትን ትእዛዞች አስተምሮ ይመልሰዋል። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ከዚህ የተለየ መንገድ የሚከተል፣ ውሻውን ከቤቱ የማያስወጣና አብሮት የሚኖረውን ቤተሰብ በማሠልጠን ላይ የተመሠረተ የቤት ለቤት አገልግሎት ነው። አሠልጣኙ ብቻውን የሚሠራ፣ በሰው በሰው የሚገኝ ባለሙያ ሲሆን ለአንድ ጉብኝት 1,500 ብር ያስከፍላል፤ አንዱ ጉብኝትም ከአንድ ሰዓት ተኩል አያንስም። በአጠቃላይ ገንዘቡ የሚገባው አገልግሎት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሊታረሙ የሚገባቸው ጉድለቶችም አሉበት፤ እነርሱንም ሳልሸፋፍን አቀርባለሁ።

የአሠልጣኙ መነሻ ሐሳብ ውሻ ውሎ የሚያድረው የሰዎችን ፊት፣ ድምፅ፣ አረማመድና ጠረን ሲያነብ ነው የሚል ነው። ስለዚህ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚንጨረጨር፣ መንገድ ላይ ሌላ ውሻ ሲያይ ገመዱን ሊበጥስ የሚደርስ፣ ወይም እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር የሚደበቅ ውሻ ሲያጋጥመው አስቀድሞ የሚጠይቀው በዚያች ቅጽበት የቤቱ ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው ነው። በሌላ ሰው ግቢ፣ በተረጋጋ ባለሙያ እጅ የታየ ጨዋነት ውሻው ወደ ቤቱ በተመለሰ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጠፋው የተመለሰበት ቤት መንፈስ ያው የቀድሞው በመሆኑ ነው ብሎ ያስረዳል። ይህን ሲናገር ሰምቶ ለማመን የሚከብደው ሰው ይኖራል፤ በመጀመሪያው ጉብኝት ያየሁት ነገር ግን ጥርጣሬዬን በእጅጉ ቀንሶታል።

ውሻችን ቦቢ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው። በሰፈራችን የተደጋገመ ስርቆት ከተሰማ ወዲህ የግቢው በር ሲንኳኳ በሩን እየዘለለ መቧጨርና እንግዳው ተቀምጦ ቡና እስኪጠጣ ድረስ ያለማቋረጥ መጮህ ልማዱ ሆኖ ነበር። አሠልጣኙ ሲመጣ ቦቢን አልነካውም፤ አልጠራውምም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ሲያነጋግር ቆየ፤ ስልኩን ግን የአበባ ማስቀመጫ ላይ አስደግፎ ግቢውን በቪዲዮ ይቀርጽ ነበር። አስቀድሞ በተነጋገሩት መሠረት አንድ ጎረቤታችን መጥቶ የብረት በሩን አንኳኳ፤ ቦቢም እንደ ልማዱ ሆነ። ከዚያ አሠልጣኙ ቪዲዮውን አዘግይቶ አሳየን። በሩ ሲንኳኳ ከሁሉም ቀድማ የተንቀሳቀሰችው እናቴ ናት። ስኒዋን ረከቦቱ ላይ መለሰች፤ ነጠላዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች፤ ትከሻዋ ከፍ አለ፤ ትንፋሿም ለአፍታ ያህል ቆመ። ቦቢ ጆሮዎቹን ወደ በሩ ቀስሮ ራሱን ግን ወደ እርሷ አዞረ፤ ፊቷን አየ፤ ተስፈንጥሮ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። «እማማ፣ በሩን የሰማው በጆሮው ነው፤ ምን ማድረግ እንዳለበት የጠየቀው ግን እርስዎን ነው» አላት። እናቴ ቪዲዮውን ደግማ እንዲያሳያት ጠየቀችው፤ ከዚያም ዝም ብላ ቦቢን ስታየው ቆየች።

ይህ የአሠልጣኙ የግል ፈጠራ አይደለም። በጣሊያን የሚላን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ውሾችን ከባለቤቶቻቸው ጋር ወደ አንድ ክፍል አስገብተው ረጃጅም ጥብጣቦች የታሰሩበት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ እየተሽከረከረ አሳይተዋቸዋል። አብዛኞቹ ውሾች ይህን እንግዳ ነገር ካዩ በኋላ ዞረው የባለቤታቸውን ፊት ተመልክተዋል፤ ባለቤቱ በደስታ ፊትና ድምፅ ሲናገር የነበራቸው አቀራረብና በፍርሃት ሲናገር የነበራቸው አቀራረብም የተለያየ ነበር። ሕፃን ልጅ ወድቆ ሲነሣ ለማልቀስ ከመወሰኑ በፊት የእናቱን ፊት እንደሚያየው ዓይነት መሆኑ ነው። አሠልጣኙ ይህን ጥናት በስም ጠቅሶ በቀላል አማርኛ ሲያስረዳ መስማት ያስደስታል፤ በዚህ ሙያ ተሠማርተው «ለውሻ አለቃው አንተ መሆንህን ማሳየት አለብህ» ከሚለው የተለመደ አባባል የማያልፉ ብዙዎች ናቸውና።

ከሁሉ ይበልጥ የሚደንቀው ግን የጠረን ነገር ነው። የሰው ልጅ በአፍንጫው ውስጥ ያሉት ጠረን ተቀባይ ሕዋሳት ብዛት በጥቂት ሚሊዮኖች ሲገመት የውሻው በመቶ ሚሊዮኖች ይገመታል፤ ሰው ፊቱን ፈገግ አድርጎ ውስጡን ቢደብቅ ላቡና ትንፋሹ አይደበቁም። በሰሜን አየርላንድ የቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት 36 ሰዎች ከባድ የአእምሮ ስሌት እንዲሠሩ ተደርጎ ከስሌቱ በፊትና በኋላ የላባቸውና የትንፋሻቸው ናሙና ተወስዷል፤ የሠለጠኑ አራት ውሾችም የተጨነቀውን ሰው ናሙና ከተረጋጋው ከመቶ 93 ጊዜ በላይ ለይተው አሳይተዋል። የጣሊያኑ የኔፕልስ ፌዴሪኮ ዳግማዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ አስፈሪ ቪዲዮ ካዩና አስደሳች ቪዲዮ ካዩ ሰዎች ብብት የተወሰደ ላብ ውሾች እንዲያሸቱት አድርገው ነበር። የፍርሃት ላብ ያሸተቱት ውሾች የጭንቀት ምልክት አሳይተው ወደ ባለቤታቸው ሲጠጉ፣ የደስታ ላብ ያሸተቱት በክፍሉ ወደነበረው እንግዳ ሰው ይበልጥ ቀርበዋል። የእንግሊዙ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ በ2024 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ከዚህም አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ በዚያ 18 ውሾች ምግብ ያለበትንና ባዶውን ሳህን በቦታቸው ለይተው ካወቁ በኋላ በሁለቱ መካከል ሌላ ሳህን ተቀመጠላቸው። የማያውቁት የተጨነቀ ሰው ጠረን በክፍሉ ሲኖር፣ ሳህኑ ወደ ባዶው ስፍራ በተጠጋ ጊዜ ሄደው የመሞከር ፍላጎታቸው ቀነሰ። በሌላ አነጋገር የሰው ጭንቀት ለውሻው ዓለምን የባሰች አድርጎ ያሳየዋል።

ከዚህ የምንረዳው ለአገልግሎቱ ጥራት ወሳኝ የሆነ ነገር ነው። ጉዳዩ የፊትና የድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱን የተረጋጋ መስሎ እንዲታይ ማስተማር ይበቃ ነበር፤ ጠረን ስላለበት ግን ማስመሰል ብዙ አያራምድም። አሠልጣኙ ይህን በሚገባ ተረድቶ ይሠራል። እናቴን «አይፍሩ» ብሎ አያውቅም። ይልቁንም የሚያስፈራትን ነገር በእርግጥ የሚቀንስ መፍትሔ ፈለገ፤ በሩ ላይ ወደ ውጭ የሚያሳይ ትንሽ መስኮት እንዲበሳ፣ ማን እንደመጣ ሳይታወቅ በሩ እንዳይከፈት፣ ሲንኳኳም እርሷ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ሌላ ሰው እንዲሄድ አደረገ። ከዚያ በኋላ ነው ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማስወጣትን፣ ትከሻን ዝቅ ማድረግንና ለቦቢ በተለመደ ድምፅ «ሰምተናል፣ ጎበዝ» ብሎ አንድ ቁራጭ ሥጋ ከበሩ ራቅ አድርጎ መወርወርን ያለማመዳት። ሰውየው ከፍርሃቷ ጋር አልተጣላም። በእኔ ግምት የዚህ አገልግሎት ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

የእናቴ ፍርሃት ሌላም ሥር ነበረው። በአገራችን ውሻን መፍራት ብዙ ጊዜ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የሌለው በሽታ በመሆኑና ወደ ሰው የሚተላለፈውም በአብዛኛው በውሻ ንክሻ በመሆኑ ፍርሃቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በእርሷ ዕድሜ ያሉ ሰዎች ተነክሶ ፓስተር፣ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ማለት ነው፣ የተመላለሰ ዘመድ ወይም ጎረቤት አያጡም። አሠልጣኙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የቦቢን የክትባት ደብተር አምጡ አለ፤ ክትባቱ ወቅቱን ጠብቆ መሰጠቱንም ደብተሩን ገልጦ ቀኑን በጣቱ እያመለከተ ለእናቴ አስረዳት። ለማንኛውም አሠልጣኝ ይህ የራሱ መጠበቂያ ነው ሊባል ይችላል፤ እርሱ ግን የቤተሰቡን ስሜት ለማረጋጋት ተጠቅሞበታል። ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ቦቢ አጠገቧ ሲያልፍ እግሯን መሰብሰብ መተዋን አስተውያለሁ።

የመንገዱ ልምምድም በዚሁ መንፈስ የተካሄደ ነው። በከተማችን ውሻን በገመድ ይዞ መውጣት ቀላል አይደለም፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾች በየማዕዘኑ አሉ፣ ባጃጁ ጥግ ጥጉን ይሄዳል፣ ድንጋይ የሚያነሣ ልጅም አይጠፋም። ስለዚህ ውሻ ይዞ የሚሄድ ሰው ሌላ ውሻ ገና ከሩቅ ሲያይ ገመዱን እጁ ላይ ይጠቀልልና ወደ ራሱ ያሳጥራል። ውሻው መጪውን ገና ሳያየው አንገቱ ላይ የሚሰማው ጥብቀት «አንድ ነገር ሊመጣ ነው» የሚል መልእክት ያደርስለታል፤ አንገቱ ሲያዝ መሸሻ እንደሌለው ስለሚረዳም የሚቀረው መጮህና ወደፊት መዝለል ነው። አሠልጣኙ የአንገት ማሰሪያውን ደረትና ጀርባን በሚይዝ ሰፊ ማሰሪያ አስለወጠን፤ ገመዱ ረዘም ብሎ ወደ ታች እንዲረግብ፣ መጪው ውሻ ሲታይም ቆሞ ከመጠበቅ ይልቅ መንገዱን ተሻግሮ በሰፊው ዞሮ ማለፍን አስተማረን። ልምምዱ ሰው ሳይበዛ በማለዳ ይጀመርና ቀስ በቀስ ወደ ግርግሩ ሰዓት ይሄዳል። አሠልጣኙ ከኋላ እየተከተለ ይመለከት የነበረው ገመዱን የያዘውን እጅ ነው፤ ጣቶቹ ሲጨብጡ ባየ ቁጥር «እጅ» ይላል፤ ሌላ ነገር አይናገርም። ይህች አንዲት ቃል ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ እንደምትጠቅም በተግባር አይቻለሁ።

አገልግሎቱን ከአገራችን አኗኗር ጋር በእውነት የሚያስማማው ግን ዘበኛውን የሥልጠናው አካል ማድረጉ ነው። የውጭ አገር መጻሕፍት ስለ ውሻና ስለ ባለቤቱ ሲጽፉ ባለቤት የሚሉት ውሻው ከሶፋው ሥር የሚተኛለትን ሰው ነው። በእኛ ግቢ ውሻው ቀን ታስሮ ወይም በጓሮ ውሎ ሌሊት ይፈታል፤ ሌሊቱን ሙሉ አብሮት የሚያድረው ዘበኛው ነው፤ ምግቡን የሚያቀርብለትም ብዙ ጊዜ እርሱ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናት። ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ማለዳ ወጥቶ ማታ የሚገባ ከሆነ ውሻው የሚያነበው ስሜት የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። አሠልጣኙ ይህን ተረድቶ አንዱን ጉብኝት አመሻሽ ላይ አደረገውና ከዘበኛችን ጋር በዘብ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ አወጋ። ሽማግሌው መጀመሪያ ላይ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በቁጥብነት ይመልሱ ነበር፤ «አባባ፣ ሌሊት ሲጮህ እርስዎ ምን ያደርጋሉ?» ተብለው ሲጠየቁ ግን የተናገሩትን ማንኛውም ተመራማሪ ቢሰማው ደስ ይለዋል። «እኔ ስደነግጥ እሱም ይደነግጣል። እሱ ሲጮህ ደግሞ እኔ የባሰ እደነግጣለሁ። እንዲህ ስንባባል ይነጋል» አሉ።

ይህ አዙሪት የሚቆረጠው ከሰውየው በኩል ነው፤ ስለዚህ አሠልጣኙ ለእርሳቸው ሌላ ሥራ ሰጣቸው። ቦቢ ሲጮህ ባትሪያቸውን ይዘው ቀስ ብለው በግቢው ዙሪያ እንዲራመዱና ምንም ከሌለ በተለመደው ድምፃቸው ጠርተው እንዲያስተኙት ተስማሙ። ዱላው ከዘብ ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀልና ውሻውን ለማባረር እንዳይነሣ የተደረገውም ያኔ ነው። የሌሊቱ ጩኸት ጨርሶ ባይቀርም አጭር ሆኗል፤ ለጠባቂ ውሻም ከዚህ በላይ ዝምታ አይፈለግም። አንድ ነገር ግን ይታሰብበት፤ ዘበኛ ይለወጣል፤ አዲስ ሰው ሲቀጠር ይህን ክፍል መድገም ያስፈልጋል። አሠልጣኙ ለዚህ የቅናሽ ዋጋ ቢያስብ ይመረጣል።

ስለ ቅጣት ያለው አቋምም የሚመሰገን ነው። ዱላ፣ የሚያንቅ ሰንሰለትም ሆነ ኤሌክትሪክ የሚያስነዝር የአንገት ማሰሪያ አይጠቀምም። በፖርቱጋል የፖርቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. በ92 ውሾች ላይ ያሳተሙት ጥናት በቅጣት የሚሠለጥኑ ውሾች ከሥልጠና በኋላ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞናቸው ከፍ እንደሚልና የጭንቀት ምልክት እንደሚያበዙ አሳይቷል። ጫማ ያኘከ ውሻ አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን ሲያሸሽ «ጥፋቱን ያውቃል» የምንለውን ነገር በተመለከተም የኒውዮርኩ ባርናርድ ኮሌጅ ተመራማሪ አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 እ.ኤ.አ. የፈተሸችው አለ፤ ውሾቹ ያን ፊት የሚያሳዩት ሲቆጧቸው እንደሆነ፣ ጥፋት ፈጸሙም አልፈጸሙም ለውጥ እንደሌለው ተገኝቷል። አሠልጣኙ ይህን ለልጆቻችን በተለይ ጊዜ ወስዶ ማስረዳቱን ወድጄዋለሁ።

ወደ ጉድለቶቹ ስመጣ ዋነኛው አሠልጣኙ ሐሳቡን ከሚገባው በላይ ማስፋቱ ነው። «ውሻ የባለቤቱ መስታወት ነው» የሚለውን አባባል ደጋግሞ ይናገራል፤ ለዚህም በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጥናት በማስረጃነት ያቀርባል። ጥናቱ እውነተኛና ጠንካራ ነው፤ 58 ውሾችና ባለቤቶቻቸው ፀጉራቸው ተቆርጦ በውስጡ የተከማቸው ኮርቲሶል ሲለካ የረጅም ጊዜ ጭንቀታቸው አብሮ ከፍ ዝቅ እንደሚል ታይቷል። ነገር ግን ውሾቹ በሙሉ ቦርደር ኮሊና የሼትላንድ እረኛ ውሾች ነበሩ፤ እነዚህም ከሰው ጋር ተናብበው እንዲሠሩ ለትውልዶች የተመረጡ ዝርያዎች ናቸው። እነዚያው ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻቸውን የሚያድኑ ውሾችንና ጥንታዊ ዝርያዎችን ሲፈትሹ ተመሳሳይ መጣጣም አላገኙም። ይህን ሁለተኛ ግኝት አሠልጣኙ አያነሣውም፤ ቢያነሣው ኖሮ ንግግሩ ሚዛናዊ በሆነ ነበር።

ሚዛን ማጣቱ በተግባርም ዋጋ ያስከፍላል። ቦቢ ራሱን በተደጋጋሚ ያራግፍና ጆሮው ሲነካ ያጉረመርም ነበር፤ አሠልጣኙ ይህንንም ከቤቱ ውጥረት ጋር አያያዘው። የእንስሳት ሐኪም ጋር ስንወስደው ግን የጆሮ ኢንፌክሽን ተገኘ፤ መድኃኒቱን ሲጨርስ ማጉረምረሙ ቀረ። ሕመም ያለበት ውሻ የማንም ስሜት ሳይጋባበት ሊነጫነጭ ይችላል። በቡችላነቱ፣ ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ፣ ከልዩ ልዩ ሰውና ድምፅ ጋር ሳይለማመድ ያደገ ውሻም ባለቤቱ የቱንም ያህል የተረጋጋ ቢሆን እንግዳ ነገር ሊያስፈራው ይችላል። የሕክምና ምርመራ ከመጀመሪያው ጉብኝት በፊት ግዴታ ሊሆን ይገባል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ሰውን ነው፤ ሐዘን የደረሰበት፣ ሥራ ያጣ ወይም በጭንቀት ሕመም የሚሠቃይ ሰው የውሻው ችግር ሁሉ የእርሱ ጥፋት እንደሆነ ቢነገረው በሸክሙ ላይ ሸክም ይጨመርበታል። አሠልጣኙ ክፉ ሐሳብ የለውም፤ ቃላቱን ግን ሊመርጥ ይገባል።

ሌሎቹ ጉድለቶች አነስተኛ ናቸው። ከጉብኝት በኋላ የሚሰጥ የጽሑፍ መመሪያ ስለሌለ እቤት ያልነበረ የቤተሰብ አባል የሚሰማው ከሌላው አፍ ነው። በመንገድ መጨናነቅ ምክንያት ማርፈድ አለ፤ ይሁን እንጂ ያረፈደውን ጊዜ በመጨረሻው ላይ ያካክሳል። በስልክ ለሚቀርብ ጥያቄ ተጨማሪ ክፍያ ሳይጠይቅ በዚያው ዕለት መልስ መስጠቱም በጎ ጎን ነው።

አገልግሎቱን ለማን እመክራለሁ ቢባል፣ ውሻቸው በር ላይ፣ መንገድ ላይ ወይም እንግዳ ሲመጣ ለሚያስቸግራቸውና የቤቱ ሰው ሁሉ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ለሆነ ቤተሰብ እመክራለሁ። ሰው ለነከሰ ውሻ ግን ከዚህ በፊት የእንስሳት ሐኪም ማማከር ይቀድማል፤ ውሻውን ለአሠልጣኝ አስረክቦ የተለወጠ ውሻ መቀበል የሚፈልግም ሰው እዚህ የሚፈልገውን አያገኝም። ቀጠሮ የሚይዝ ሰው የክትባት ደብተሩንና የሐኪም ምርመራ ውጤቱን ያዘጋጅ፤ የመጀመሪያውን ጉብኝት ውሻውን የሚመግበውና አብሮት የሚያድረው ሰው በቤት በሚገኝበት ሰዓት ያድርግ፤ በየጉብኝቱ መጨረሻም የታዘዘውን ልምምድ አሠልጣኙ በድምፅ ቀርጾ እንዲልክለት ይጠይቅ፤ ሲጠየቅ እምቢ አይልም።